በጠባብ በጀት የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃ፦ ኦሃዮ ውስጥ በ650 ዶላር ምን ይገዛል?

ኮሎምበስ_614 (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። የአዳኝነት ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ለመጪው የአጋዘን የጠመንጃ ሳምንት መሣሪያ እፈልጋለሁ። በጀቴ ሁሉንም ጨምሮ 650 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ የለኝም። ያገለገለ ማርሊን 336፣ 30-30 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ በ450 ዶላር ቀርቦልኛል። ሌላው አማራጭ 308 ጥይት የሚተኩስ አዲስ ሳቬጅ አክሲስ ነው። የማድነው ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ስለሆነ ርቀቱ ከ100 ያርድ ብዙም አያልፍም። የትኛው ይሻለኛል? ለማነጣጠሪያ መነጽሩስ ስንት ልመድብ?

ጋሽ_ዒላማ

ሁለቱንም ተዋቸው። ጠመንጃዎቹ መጥፎ ሆነው ሳይሆን ኦሃዮ ውስጥ በሁለቱም ጥይቶች አጋዘን ማደን ስለማይፈቀድ ነው። ግዛቱ ከ2014 ጀምሮ ለአጋዘን የሚፈቅደው ቀለሃው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ጥይት ብቻ ነው፤ ስፋቱም ከ0.357 እስከ 0.50 ኢንች መሆን አለበት። 30-30፣ 308፣ 270፣ 30-06፣ 243 ሁሉም አንገታቸው እንደ ጠርሙስ የጠበበ ነው፤ አንዳቸውም አያልፉም። ማርሊን 336 በ30-30 ለፔንሲልቬንያ ወይም ለዌስት ቨርጂኒያ ጫካ ግሩም ነው፤ ለአንተ ግን ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም።

ኦሃዮ ላይ የሚሠሩትና ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኙት 350 ሌጀንድ፣ 450 ቡሽማስተር፣ 45-70፣ 44 ማግነም እና 357 ማግነም ናቸው። ስሙ 350 ቢልም የሌጀንድ እርሳስ (ከጥይቱ የሚወነጨፈው ራስ) ስፋት 0.357 ስለሆነ ከሕጉ ዝቅተኛ ልክ ጋር ይገጥማል። በ650 ዶላር ለሚገዛ ሰው መልሱ 350 ሌጀንድ ነው። ዊንቸስተር በ2019 ያወጣው ጥይት ነው፤ የታሰበውም እንደ ኦሃዮ ላሉ ግዛቶች ነው። 150 ግሬን (ግሬን የክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ ወደ 2,325 ጫማ ይወረውራል። ትከሻን የሚገፋው ከ308 በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው። ባለ 20 ፓኮው ከ25 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፤ 450 ቡሽማስተር ግን ወደ እጥፉ ይጠጋል። ለጥይት የሚተርፍህ ገንዘብ ለልምምድ የሚተርፍህ ገንዘብ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ በካዝናውም ጥይቱ ለመተኮስ በሚገባበት ክፍልም ተደምሮ ከ3 ጥይት በላይ መጉረስ አይፈቀድም። ካዝናው 5 ቢይዝም 3 ብቻ ክተትበት።

ኮሎምበስ_614

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 450 ዶላሬ ከኪሴ ሊወጣ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። በ350 ሌጀንድ የትኛውን ጠመንጃ ልያዝ?

ብረት_አዋቂ

በዚህ ገንዘብ የሚገቡት አራት ናቸው። እንደ እኔ ምርጫ ቅደም ተከተል እንሂድ።

ሳቬጅ አክሲስ፦ አኩትሪገር የሚባለው ምላጭ ያለውን ፈልግ። ከምላጩ መሐል ቀጭን ምላስ የምትወጣበት ነው። የሚስበውን ክብደት ራስህ በቁልፍ ማስተካከል ትችላለህ። ቀላሉ አክሲስ ያለ እሱ የተሸጠበት ጊዜ ስለነበረ ያገለገለ ስታይ ምላጩን ተመልከት። ሰደፉ ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ የፊተኛው ክፍል በእጅ ሲጫን ታጥፎ አፈሙዙን የሚነካበት ጊዜ አለ። ሲነካ የጥይቱ መምቻ ቦታ ይቀያየራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የአንድ ዶላር ኖት በአፈሙዙና በሰደፉ መሐል አስገብተህ ወደ ኋላ ጎትት። ያለ እንቅፋት ካለፈ ደህና ነው። ከያዘው በአሸዋ ወረቀት ውስጡን ትንሽ መፋቅ ይበቃል።

ሩገር አሜሪካን ራንች፦ ከአክሲስ በጥቂት ይወደዳል፤ አፈሙዙ አጭር ነው፤ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ አይይዝብህም። ቦልቱ (ጥይት ለማጉረስ የሚከፈተው መቀርቀሪያ) ሲከፈት 70 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። በ350 ሌጀንድ የሚመጣው ኤአር-15 የሚባለው ጠመንጃ የሚጠቀምበት ዓይነት ካዝና ነው። ካዝና ስትጨምር ለ350 ሌጀንድ ተብሎ የተሠራውን ግዛ፤ ለ5.56 ጥይት የተሠራው ካዝና ጥይቱን አዛብቶ ያቀርበውና አፍንጫው ይቀረቀራል።

ሞስበርግ ፓትሪየት፦ ደህና ነው። ብዙ የምለው የለኝም፤ ቅናሽ ካገኘህ ያዘው።

ሲቪኤ ስካውት፦ ከመሐል የሚታጠፍ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። የሚበላሽ ክፍል የለውም ማለት ይቻላል፤ ለመጓዝም ለማጽዳትም ቀላል ነው። ችግሩ ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበው መምቻ መነጽር ሲገጠም ከስሩ ይደበቃል። ለጎን የሚወጣ ማራዘሚያ አብሮ መኖሩን ሻጩን ጠይቀው። ሁለተኛ ጥይት ለመተኮስ ጊዜ ይፈጃል፤ በእኔ እምነት ለጀማሪ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ የመጀመሪያውን እንዲያስብበት ያደርገዋል።

አራቱም በ100 ያርድ ጥይቶቻቸውን ከ2 ኢንች በታች በሆነ ክብ ውስጥ መሰብሰብ ይችላሉ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ክብ ወደ 8 ኢንች ነው። ከዚህ በላይ ጥራት ለመግዛት ሌላ 400 ዶላር ማውጣት ለአንተ ርቀት ምንም አይጨምርም።

ሳባ_ኤምኤን

እኔም በዚሁ ልጠይቅ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ55 ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያነሳኋቸው ሁሉ ረዘሙብኝ፤ ዓይኔ መነጽሩ ላይ አይደርስም። ሰው ሁሉ 450 ቡሽማስተር ይሻላል ይላል። እውነት ነው?

ብረት_አዋቂ

እህቴ፣ የሚረዝምብሽ ሰደፉ ነው። ልኩን እንዲህ ውሰጂ፦ ክንድሽን በ90 ዲግሪ አጥፊና ከክርን መታጠፊያው ውስጥ እስከ ሌባ ጣትሽ የመጀመሪያ አንጓ ለኪ። ለአዋቂ ወንድ የሚሠራው ሰደፍ 13 ተኩል ኢንች ገደማ ነው፤ ለአንቺ 12 ተኩል አካባቢ ይስማማሻል። ኮምፓክት ወይም ዩዝ የሚል ስያሜ ያላቸው ሞዴሎች በዚህ ልክ ነው የሚሠሩት፤ ዋጋቸውም አይጨምርም። ክረምት ላይ ወፍራም ጃኬት ስለሚደረብ ልኩን ጃኬቱን ለብሰሽ ውሰጂ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

450 ቡሽማስተር ለቀላል ጠመንጃ ከ308 የበለጠ ይገፋል። ግፊቱን የፈራ ሰው ምላጩ ሊሳብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ከ200 ያርድ በታች ለአጋዘን 350 ሌጀንድ ይበቃል። የሚኒሶታን የወቅቱን ደንብ ግን በካውንቲሽ አረጋግጪ፤ እዚያ ከኦሃዮ የተለየ ነው።

ኖቫ_አዳኝ

ከቨርጂኒያ ለሚያነቡ፦ እኛ ጋ የቀጥታ ቀለሃ ግዴታ የለም፤ ለአጋዘን የጠመንጃው ካሊበር (የእርሳሱ ስፋት) 0.23 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለው 223 አያልፍም፤ እርሳሱ 0.224 ነውና። 243 ያልፋል። ትልቁ ወጥመድ ካውንቲው ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ሰዋችን የሚበዛባቸው ካውንቲዎች ጠመንጃን የሚገድብ የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው፤ ሾትገን ወይም ቀስት ብቻ የሚፈቀድበት ቦታ አለ። ሜሪላንድም ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ የሾትገን ካውንቲዎች ናቸው። በግዛቱ የአደን መጽሐፍ ውስጥ የካውንቲ ሠንጠረዡን ሳታዩ ብር አታውጡ።

ጠመንጃ በሚፈቀድበት ቦታ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ አለ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ቦልቱን አውጥታችሁ ከኋላ በስልክ መብራት ወደ አፈሙዙ ተመልከቱ፤ ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ የተበሳሳ ጥቁር ነጥብ ካለ ዝገት ነው። የአፈሙዙን ጠርዝ በጥጥ ዙሩት፤ ጥጡ ከተያዘ ጠርዙ ተጎድቷልና ጥይቱን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። የሰደፉን አንገት፣ ማለትም እጅ የሚጨብጠውን ቦታ፣ ስንጥቅ እንዳለው ፈልጉ። ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ሴፍቲ ላይ አድርጋችሁ ምላጩን ሳቡ፤ ልቀቁ፤ ሴፍቲውን ፍቱ። ምላጭ ሳይነካ ቃ ካለ እዚያው ትታችሁ ውጡ። ሬሚንግተን 700 ከሆነ ደግሞ ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 የተሠራው ኤክስማርክ ፕሮ ምላጭ በ2014 ለጥገና የተጠራ ነው፤ መስተካከሉን ሳያረጋግጡ አይገዛም።

ኮሎምበስ_614

አክሲስን መረጥኩ። ሱቁ ውስጥ ኤክስፒ የሚል ከነመነጽሩ የሚሸጥ አለ፤ በ60 ዶላር ብቻ ይበልጣል። ልውሰደው ወይስ መነጽሩን ለብቻ ልግዛ?

ጋሽ_ዒላማ

የጥቅሉ መነጽር ለ100 ያርድ ይሠራል። የሚደክመው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው፤ አጋዘን የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። 130 እስከ 160 ዶላር ካለህ እንደ ቮርቴክስ ክሮስፋየር 3-9 በ40 (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ) ያለውን ለብቻው ግዛ፤ ዕድሜ ልክ ዋስትና ስላለው ያገለገለም ቢሆን አያስፈራም። ከሌለህ ጥቅሉን ውሰድ፤ ልዩነቱን ለጥይት አውለው። አማዞን ላይ የሚሸጠውን የ40 ዶላር መነጽር ግን አትንካ፤ ጥቂት ጥይት ሲተኮስ ውስጡ ያለው መስቀል ይዋልላል፤ አንተም ችግሩ ከራስህ ይመስልህና ሁለት ፓኮ ጥይት በከንቱ ታቃጥላለህ።

ጥቅሉን ብትገዛ "ተስተካክሏል" ቢሉህም አትመን። ፋብሪካ ወይም ሱቅ ውስጥ በጥድፊያ የታሰረ ነው። ሁሉንም ፍታና እንደገና እሰረው፦

መጀመሪያ ከጠመንጃው በላይ መነጽሩ የሚታሰርበትን መሠረት ብሎኖችና ቀዳዳዎቻቸውን በአልኮል ጠርገህ ዘይቱን አስወግድ። በመሠረቱ ብሎኖች ላይ ብቻ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) አንድ ጠብታ አድርግ፤ ቀዩን አታድርግ፤ ያለ እሳት አይፈታም። መነጽሩን የሚይዙትን ቀለበቶች አስቀምጥ፣ መነጽሩን ጣልበት፣ ክዳኖቹን ሳታጠብቅ ያዛቸው። ጃኬት ለብሰህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ትከሻህ ላይ አድርግ፤ ስትከፍት ጥቁር ጥላ ሳይኖር ሙሉ ክብ ካየህ ርቀቱ ልክ ነው። ጥላ ካለ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፋ። ቅንድብህና መነጽሩ መሐል ቢያንስ 3 ተኩል ኢንች ይኑር። መስቀሉ እንዳይጋደል ቁልቁል ከተሰቀለ ክር ጋር አስተያየው። በመጨረሻ የቀለበቱን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቅህ ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አጥብቅ። የኢንች-ፓውንድ መፍቻ ከሌለህ ሱቁ እንዲያጠብቅልህ ጠይቅ፤ በግምት ያጠበቀ ሰው ወይ ቱቦውን ይሰረጉደዋል ወይ ይላላበታል።

አውሮራ_ሲኦ

ከኮሎራዶ ለምትጠይቁ አጭር ነገር፦ እዚህ ለአጋዘን ዝቅተኛው 0.24 ካሊበርና 70 ግሬን እርሳስ፣ ለኤልክ 85 ግሬን ነው፤ በ100 ያርድ 1,000 ጫማ-ፓውንድ ኃይል መቅረት አለበት። ሜዳው ክፍት ስለሆነ 350 ሌጀንድ አይመከርም። አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚገዛ 308 ወይም 30-06 በአክሲስ ወይም በሩገር አሜሪካን ይበቃል። 6.5 ክሪድሞርም ጥሩ ነው፤ ግን ለኤልክ ቅርብ ቅርቡን ተኩሱበት።

ኮሎምበስ_614

ስለ ማነጣጠር ማስተካከልም ንገሩኝ። ስንት ጥይት ይፈጃል?

ብረት_አዋቂ

በ3 ፓኮ፣ ማለትም በ60 ጥይት ይጠናቀቃል። አከፋፈሉ ይህን ይመስላል፦ 20 ለማስተካከል፣ 30 ለልምምድ፣ 10 ለአደኑ።

በ25 ያርድ ጀምር። ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አሳርፈህ ቦልቱን አውጣ፤ በአፈሙዙ ቀዳዳ ዒላማውን መሐል ላይ አድርግ፤ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የመነጽሩን መስቀል ወደዚያው አምጣ። ከዚያ 2 ጥይት። ስታስተካክል የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ነው፦ መነጽሩ ላይ "አንድ ጠቅታ ሩብ ኢንች" የሚለው በ100 ያርድ ነው። በ25 ያርድ አንድ ጠቅታ የሚያንቀሳቅሰው የዚያን አንድ አራተኛ ብቻ ነው። 1 ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ጠቅታ ያስፈልጋል። 4 ብቻ ጠቅ አድርጎ "መነጽሩ አይሠራም" የሚል ብዙ ነው።

በ25 ያርድ ከመሐሉ ግማሽ ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ከመታ ወደ 100 ሂድ። 3 ጥይት ተኩሰህ የሦስቱን መሐል ብቻ ተመልከት፤ በአንዲት ጥይት ተነስተህ አታስተካክል። ከ3 ጥይት በኋላ አፈሙዙ በእጅ ተይዞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ ቀጭን አፈሙዝ ሲግል ጥይቱ ይንሸራተታል። በ100 ያርድ ያስተካከልከው 350 ሌጀንድ በ200 ያርድ 8 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ያ የሳንባው ክብ ሙሉ ስፋት ነው። ስለዚህ 150 ያርድን ወሰንህ አድርገው።

ልምምዱን ሙሉ ብረት ልባስ ባለው ርካሽ ጥይት አድርግ፤ ለአጋዘን ግን እሱን አታጉርስ። ሲመታ አይሰፋም፤ እንደ ወስፌ በስቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ርቆ ይሄዳል። ለአደን ጫፉ ለስላሳ የሆነ 150 ወይም 180 ግሬን ነው። የመጨረሻውን ማስተካከያ የምታድንበት ጥይት ላይ አድርግ፤ ከልምምዱ ጥይት ጋር አንድ ቦታ አይመቱም። 350 ሌጀንድ የጥይት ብራንድ ይመርጣል፤ ከ2 ኢንች በላይ ከበተነ ጠመንጃውን ከመውቀስህ በፊት ሌላ ብራንድ ሞክር።

30ዎቹን የልምምድ ጥይቶች ከጠረጴዛ ላይ አትተኩሳቸው። ተቀምጠህ፣ ተንበርክከህ፣ ዛፍ ተደግፈህ ተኩስ፤ ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም።

ዲያቆን_ኤ

ስለ ግዢው ፎርም ማንም አላነሳም። ቅጽ 4473 ስትሞላ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆንክ የኤ ቁጥርህን (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥርህን) ይጠይቃል፤ ግሪን ካርዱን ይዘህ ሂድ። የስምህ ፊደል መታወቂያህ ላይ እንዳለው ይሁን፤ የአባትና የአያት ስም መንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ግሪን ካርድ ላይ ሌላ ዓይነት ሲሆን የገዢው የኋላ ታሪክ ምርመራ ይዘገያል። የመታወቂያው አድራሻም የአሁኑ መሆን አለበት። "ይዘገያል" የሚል መልስ ከመጣ 3 የሥራ ቀን ሊወስድ ስለሚችል በመጨረሻው ሳምንት አትግዛ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን የአደን ፈቃድ ከሌለው ጠመንጃ መያዝ አይችልም፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀም ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይሞክረው፤ የኢሚግሬሽን ፋይሉን የሚያበላሽ ነገር ነው።

ሁለት ጥያቄ ላይ ወገኖቻችን ይሳሳታሉ። አንደኛው "ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?" የሚለው። ለአጎት ልጅ በራስ ስም መግዛት ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለተኛው ስለ ተከለከሉ ዕፆች የሚጠይቀው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ መደብ 1 ውስጥ ተመዝግቧል። አገር ቤት የተለመደ መሆኑ እዚህ አይረዳም። የሚቅም ሰው ያንን ጥያቄ "አይደለሁም" ብሎ መፈረም የለበትም።

ሥጋውን በተመለከተ፦ የኦሃዮ የጠመንጃ ሳምንት ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ስለሚጀምር ከኅዳር 15 በሚገባው በነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ለገና የምታቆዩት ከሆነ የፍሪዘር ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የአጋዘን ሥጋ ለጥሬም ለለብለብ ክትፎም አይሁን፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል። ከዚህ ሌላ በ2020 ኦሃዮ ዋያንዶት ካውንቲ የዱር አጋዘን ላይ ሲደብሊውዲ የተባለው የአንጎል በሽታ ተገኝቷል፤ እሱን ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። በዚያ አካባቢ የተመታውን አስመርምሮ ውጤቱ ሳይመጣ አለመብላት ነው።

ኖቫ_አዳኝ

ዲያቆን ባነሱት ላይ፦ ከእርሳስ የተሠራ ጥይት ሲፈነዳ በዓይን የማይታዩ ብናኞች ሥጋው ውስጥ ይበተናሉ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ያሉበት ቤት ከሆነ ከቁስሉ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ወይም ሙሉ መዳብ ጥይት ግዙ። መዳቡ በፓኮ 10 እና 15 ዶላር ይጨምራል፤ ለአደኑ ግን አንድ ፓኮ ይበቃል።

ኮሎምበስ_614

ሂሳቡን እንዲህ አወጣሁት፦ አክሲስ ከነአኩትሪገር 390፣ መነጽር 140፣ ጥይት ሁለት ፓኮ ልምምድና አንድ ፓኮ ለአደን 80። 610 ሆነ። 40 ዶላር ይተርፈኛል፤ በሱ የጠመንጃ ቦርሳ ልግዛ።

ጋሽ_ዒላማ

ቀለበትና መሠረት ረስተሃል፤ 30 ዶላር ነው። ታክሱንም አልቆጠርክም። የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር 25 ዶላር፣ ብርቱካናማው ቬስት 10 ዶላር፤ ቬስቱ በሕግ ግዴታ ነው፣ ጆሮህም አይተካም። ቦርሳው ይቅር፤ አክሲሱ የመጣበት ካርቶን ለዚህ ዓመት ይበቃዋል፤ መኪና ውስጥ ግን ጥይት ያልጎረሰ ይሁን። አሁን ከ650 አልፈሃል። ስለዚህ መነጽሩን ለብቻ አትግዛ፤ ያ ኤክስፒ የሚባለውን ጥቅል በ60 ዶላር ጭማሪ ውሰድ፤ ቀለበቱም መሠረቱም አብሮ ይመጣል። ከ100 ዶላር በላይ ይቀልልሃል። ከሚተርፈው ላይ አንድ ፓኮ ጥይት ጨምርና ጥቅምት ሳያልቅ ሁለት ቅዳሜ ተኩስበት። መነጽሩን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው።

ኮሎምበስ_614

ገባኝ ጋሼ። ሱቁ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ግሪን ካርዱንና አዲስ አድራሻ ያለበትን መንጃ ፈቃድ ይዤ እሄዳለሁ። የዶላሩን ኖት ሙከራም እዚያው ቆሜ አደርገዋለሁ።